አሮጌ ካሜራ ልግዛ ወይስ በስልኬ ልቀጥል?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ጠያቂው ሐዋሳ የሚኖር ወጣት ነው። ቅዳሜና እሑድ ሠርግ ያነሳል፤ ካሜራውን ግን ተከራይቶ ነው። የልቡ ሥራ ሌላ ነው፤ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል የሚውሉትን ዓሣ አጥማጆች ረጅም ጊዜ ወስዶ በተከታታይ ማንሳት ይፈልጋል። ያጠራቀማት ብር አዲስ ካሜራ አትገዛም። አንድ ሰው የመጀመሪያውን ካኖን ፋይቭ ዲ ሊሸጥለት ነው። ከአጎቱ ደግሞ ሔሊዮስ ሌንስ ያለው ዜኒት የሚባል የሶቪየት የፊልም ካሜራ ደርሶታል። ጓደኞቹ "የዛሬ 20 ዓመት የወጣ ካሜራ ገዝተህ ምን ልታረግ ነው? ስልክህ እኮ 50 ሜጋፒክስል ነው" እያሉ ይስቁበታል። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ "አሮጌ ካሜራ ነፍስ አለው፣ የሲሲዲ ቀለም ሌላ ነው" የሚል ወሬ ሞልቷል። "እውነት ነው ወይስ ገንዘብ የሌለን ሰዎች ራሳችንን የምናጽናናበት ነው? ዜኒቱንስ ልሽጠው?" ይላል።

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ደስ ይላል። በተለይ ያቺ የማጽናኛዋ ነገር። ብዙ ሰው በልቡ ይዟት አፍ አውጥቶ አይጠይቃትም። እኔ ካሜራ እጠግናለሁ፣ ሌንስ እፈታለሁ፣ ፎቶ ማንሳትም አስተምራለሁ። አሮጌ ዕቃ በየቀኑ በእጄ ያልፋል። ስለዚህ መልሴ ትንሽ ይረዝማል፣ ቻለው።

መጀመሪያ ነፍስ የሚሉትን እንተወው። ካሜራ ነፍስ የለውም። ደካማ ፎቶ በአሮጌ ካሜራ ስለተነሳ ብቻ ጥሩ አይሆንም፤ ብዥ ያለ ደካማ ፎቶ ነው የሚሆነው። ግን ጓደኞችህም ልክ አይደሉም። አሮጌ ካሜራ የሚጠቅምህ እምቢ ስለሚልህ ነው። "ይሄን አልችልም፣ አንተው ወስን" ይልሃል። የትኛው እምቢታ እንደሚጠቅምህ ለይተህ ካወቅክ ትልቅ ነገር ታገኛለህ። ሳታውቅ ከገዛኸው ግን እውነትም ማጽናኛ ነው፣ እሱንም ውድ ማጽናኛ።

የሲሲዲውን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። ሲሲዲ እና ሲሞስ ሁለት የሴንሰር፣ ማለትም ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል፣ ዓይነቶች ናቸው። ኒኮን ዲ70፣ ዲ40 እና ዲ200 ሲሲዲ ናቸው። ሊሸጥልህ ያለው ፋይቭ ዲ ሲሞስ ነው። ስለዚህ ወሬው አንተን ከነጭራሹ አይመለከትም። ደግሞ "የሲሲዲ ቀለም" የሚባለው በእኔ እምነት አብዛኛው የሚመጣው ሴንሰሩ ላይ ካለው የቀለም ማጣሪያ እና ካሜራው ጄፔግ ሲሠራ ከሚከተለው አሠራር ነው። በሮው (ካሜራው ባልነካው ጥሬ ፋይል) አንስተህ ኮምፒውተር ላይ ከሠራኸው ልዩነቱ በጣም ይጠባል።     

አሁን ስልክህ ምን እንደሚሠራ እንይ። አንድ ጊዜ ስትነካው አንድ ፎቶ ያነሳህ ይመስልሃል። እሱ ግን በዚያች ቅጽበት ብዙ ፍሬም ይሰበስባል፣ ይደራርባል፣ የጨለመውን ወደ ላይ ያነሳል፣ የበራውን ያወርዳል፣ ፊት ካገኘ ያለሰልሳል። 50 ሜጋፒክስል የተባለውም በተለመደው አሠራሩ አራት አራት ፒክስል እያጣመረ 12 ሜጋፒክስል ገደማ ነው የሚሰጥህ። ፋይቭ ዲ 12.8 ነው። ጓደኞችህ በቁጥር ከመጡብህ ክርክሩ እዚያው ላይ ያልቃል። የፋይቭ ዲ ሴንሰር 36 በ24 ሚሊሜትር ነው፤ የአብዛኛው ስልክ ሴንሰር የዚህን አንድ አሥረኛ አይሞላም። ለሕትመትም ቢሆን 4368 በ2912 ፒክስል ማለት በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 37 በ25 ሴንቲሜትር ገደማ የሚሆን ጥርት ያለ ወረቀት ነው። ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ፎቶ ትንሽ ለቀቅ ብታደርገው ከዚያም በላይ ይሄዳል። ስለ ፒክስል ከዚህ በላይ አላወራም፤ ዋናው ጉዳይ እሱ አይደለም።

ዋናው ጉዳይ አሞራ ገደል ነው ያለው። አስተውለህ ከሆነ ሐዋሳ ያለችው ከሐይቁ በስተምሥራቅ ነው። ወደ ውሃው ስትዞር ፊትህ ወደ ምዕራብ ነው ማለት ነው። ጠዋት ፀሐይዋ ከጀርባህ ወጥታ የአጥማጁን ፊት ታበራለች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከሱ ጀርባ ሆና አንተኑ ታፈጥብሃለች። እንግዲህ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ጀልባ ላይ ቆሞ መረቡን የሚያራግፍ ሰው አስብ። ከኋላው ያለው ውሃ ያንጸባርቃል። ፊቱ ጥላ ውስጥ ነው፣ ቆዳው ጠቆር ያለ ነው፣ ኮፍያ ደፍቷል።

በስልክህ ስታነሳው ምን ይመጣል? ፊቱም ይታያል፣ ውሃውም ይታያል፣ ደመናውም ይታያል። ሁሉም ይታያል፣ ምንም ግን አይጎላም። ዓይንህ እዚያ ቆሞ ያየው ያ አልነበረም። የሚያስጨፍን ብርሃን ነበር፣ ከብርሃኑ መሐል የወጣ ጥቁር ሰው ነበር። ስልኩ ሁለቱን አስታርቆ ሰጠህ። የፎቶው ጉልበት ግን ያልታረቀው ላይ ነበር።

ፋይቭ ዲው አያስታርቅልህም። ከብርሃን እስከ ጥላ የሚይዘው ስፋት ከዛሬዎቹ ያንሳል። በተለይ የበራው ነገር አንዴ ነጭ ሆኖ ከተቃጠለ አይመለስም። ስለዚህ ወይ ፊቱን ወይ ውሃውን ትመርጣለህ። ውሃውን ከመረጥክ ሰውየው ጥቁር ቅርጽ ይሆናል። መረቡ ክር በክር ይታያል፣ ከመረቡ የሚንጠባጠበው ውሃ ይታያል፣ ማንነቱ ግን አይታይም። ፊቱን ከመረጥክ ውሃው ወረቀት የመሰለ ነጭ ይሆናል። ሰውየው ከቦታው ተነጥሎ ለብቻው ይወጣል። ሁለቱም ያስኬዳሉ። ግን ሁለት የተለያዩ ፎቶዎች ናቸው፤ አንዱ ስለ ሥራው ያወራል፣ ሌላው ስለ ሰውየው። የትኛውን ለማለት እንደመጣህ ካላወቅክ ካሜራው አይነግርህም። ሦስተኛ መንገድም አለ፣ እሱም እግርህ ነው። ዞረህ ጀልባው ውስጥ ትገባለህ፣ ወይም ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተመልሰህ ትመጣለህ።

ስልክም ሁሉን ራስህ በምትመርጥበት በፕሮ ሞድ ይሄን ማድረግ ይችላል ትለኛለህ። ይችላል። አዲስ ካሜራም ይችላል። ግን ተማሪዎቼን ሳይ፣ ቀላሉ መንገድ እዚያው አጠገባቸው እያለ ከባዱን መርጦ የሚሄድ ሰው ጥቂት ነው፤ እኔም ራሴ ስቸኩል ከነሱ አልሻልም። ምርጫው ከሌለ ግን እጅህ ይለምዳል። ከወራት በኋላ አዲስ ካሜራ ብትይዝ እንኳ ያ ልምድ አብሮህ ይሄዳል።

እዚህ ላይ አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። የካሜራው የብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣ ይሞክራል። ውሃው ሲያንጸባርቅ "ኦ፣ በጣም በርቷል" ብሎ ፊቱን ያጨልምብሃል። ፊቱን ከፈለግክ ከመለኪያው አንድ ስቶፕ ገደማ፣ ማለትም ብርሃኑን በእጥፍ፣ ወደ ላይ አድርግ። ቅርጹን ብቻ ከፈለግክ ወደ ታች። ለልምምድ ጫካው ውስጥ ያሉትን ጉሬዛዎች አንሳ። ጥቁርና ነጭ ጸጉር አንድ ላይ ነው ያላቸው፤ የካሜራህን አቅም በአንድ ከሰዓት ይነግሩሃል።

ወደ ዜኒቱ ልምጣ። ሩሲያ ተምሮ የመጣ አጎት ያለው ቤት፣ ሳጥን ቢፈተሽ አንድ ዜኒት አይጠፋም እላለሁ፤ ቀልዴን ብቻ አይደለም። ያንተ ትልቁ ሀብት ከፊቱ የተገጠመው ሌንስ ነው። ሔሊዮስ 44-2 ከሆነ 58 ሚሊሜትር ነው፣ እስከ ኤፍ 2 ይከፈታል (የኤፍ ቁጥር ሲያንስ የብርሃን ቀዳዳው ይሰፋል)። ንድፉ የጀርመኑ የዛይስ ባዮታር ነው፤ ሶቪየቶች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወስደው በብዛት አመረቱት። የሚገጥመው በጥርስ ነው፣ ኤም42 ይባላል። አሁን ዕድልህን ተመልከት። ኤም42 ሌንስ ከፊልሙ ወይም ከሴንሰሩ 45.46 ሚሊሜትር ርቆ እንዲቀመጥ ነው የተሠራው። ካኖን ኢኤፍ 44 ሚሊሜትር ነው። አንድ ሚሊሜትር ተኩል ገደማ ቦታ ተረፈ፤ በዚያች ቦታ ስስ የብረት ቀለበት ትገባለች። አለቀ። ኒኮን ቢሆን 46.5 ስለሆነ ቦታ የለም፤ መስታወት ያለው ቀለበት ካልገዛህ ሩቁን አይጠራም፣ ያ መስታወት ደግሞ ጥራቱን ያበላሻል። ስለዚህ ካኖኑ ላንተ ይሻላል።

ሔሊዮስን ሰው የሚያወራለት ከኋላ በሚያመጣው የሚሽከረከር ብዥታ ነው። እውነት ነው፣ ይሽከረከራል። ግን እንዲሽከረከር ከኋላ ቅጠል ያስፈልገዋል። ሰውየውን ሁለት ሜትር ላይ አቁመህ፣ ከኋላው ራቅ ብሎ ዋርካው ካለ፣ ኤፍ 2 ላይ ቅጠሎቹ ሰውየውን ከበው ይዞራሉ። ከኋላው ውሃ ብቻ ከሆነ ምንም አታይም። ሽክርክሪቱ ዳር ዳር ላይ ስለሚበረታ፣ እንደ 350ዲ ያለ ትንሽ ሴንሰር ያለው ካሜራ ላይ አብዛኛው ተቆርጦ ይቀራል። እኔ ግን እውነቱን ልንገርህ፤ ሽክርክሪቱ ቶሎ ይሰለቻል። መጀመሪያ ሰሞን ሁሉም ሰው በሱ ይሰክራል፤ በኋላ ፎቶዎቹ ሁሉ አንድ ይሆኑበታል።

እኔ የሔሊዮስ ጥቅም የምለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመታው የሚያደርገው ነው። የዛሬ ሌንሶች መስታወታቸው ላይ ብዙ ድርብ ሽፋን አለ፣ ነጸብራቅን ይገድላሉ። የድሮው ሔሊዮስ ሽፋን ስስ ነው። ማታ ማታ ሐይቁ ዳር ፍቅር ሐይቅ በሚባለው ቦታ ፀሐይዋ ውሃው ላይ ስትተኛ ወደ እሷ ብታነሳ፣ ብርሃኑ ሌንሱ ውስጥ ይበተናል። የተበተነው ብርሃን ጥላው ላይ ያርፋል፣ ጥቁሩም ወደ ግራጫ ይለሰልሳል። ቅድም "ወይ ፊቱን ወይ ውሃውን" ያልኩህን ነገር ሌንሱ ራሱ ትንሽ ያቀልልሃል ማለት ነው። ግን ስልኩ እንደሚያቀልለው አይደለም። ጭጋግ ያመጣል፣ አንዳንዴም ፎቶውን ሙሉ በሙሉ ያደበዝዘዋል። ትንሽ ዞር ስትል ይመጣል፣ ትንሽ ዞር ስትል ይጠፋል። በእጅህ ጥላ እየሠራህ ትቆጣጠረዋለህ። ይሄን ኮምፒውተር ላይ አስመስለው የሚጨምሩ አሉ፤ ግን ብርሃኑ ከየት እንደመጣ ስለማያውቅ ያስታውቃል።

ሁለተኛው በእጅ ፎከስ ማድረጉ ነው። የሚንቀሳቀስ አጥማጅ እያሳደድክ ቀለበት ማዞር አትችልም፤ ሞክረው፣ ትናደዳለህ። ስለዚህ ቦታ ትመርጣለህ። ሔሊዮሱን ኤፍ 8 ላይ አድርገህ ፎከሱን 5 ሜትር ላይ ብታስቀምጠው ከ3.7 እስከ 7.8 ሜትር ያለው ነገር ሁሉ ጥርት ብሎ ይታያል። ከዚያ ሌንሱን አትንካው። ጀልባ የሚቆምበትን ቦታ አይተህ ቁም። ሰዎቹ ሥራቸው ተደጋጋሚ ነው። ጀልባ ይገባል፣ መረብ ይወርዳል፣ ቆሮሶው ይለያል፣ አምባዛው ወደ ጎን ይጣላል፣ ቢላ ይወጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያመለጠህ እንቅስቃሴ ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል። ያኔ ፎቶ ማሳደድ ትተህ ሥራውን ማየት ትጀምራለህ። ተከታታይ ሥራ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው ይሄ ነው። እስክትለምድ ደግሞ አባ ኮዳዎቹ አሉልህ። የዓሣ ሆድ ዕቃ እየጠበቁ እንደ ሐውልት ስለሚቆሙ በነሱ ላይ ፎከስ መለማመድ ቀላል ነው።

አጠቃቀሙ ትንሽ ግራ ያጋባል፣ ልንገርህ። ሌንሱ ላይ ሁለት የአፐርቸር (የብርሃን ቀዳዳው) ቀለበት አለ። አንደኛው ላይ የምትፈልገውን ቁጥር ትመርጣለህ፣ ሁለተኛውን ደግሞ ለማየት ትከፍተዋለህ፣ ለማንሳት ትዘጋዋለህ። ካሜራው ሌንሱን አያውቀውም፣ ኤፍ 00 ብሎ ይጽፋል። አትደንግጥ። ኤቪ የሚባለው ሞድ ላይ ብታደርገው ሻተሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ፣ ራሱ ይመርጣል። ቺፕ ያላት ቀለበት ካገኘህ ፎከስ ሲገባ ድምፅ ታሰማለች፣ ትረዳለች። ለዚህ ዓይነት ሌንስ ተብሎ የተሠራ ኢኢ-ኤስ የሚባል፣ በመመልከቻው ፎከስ የምታይበት ሰሌዳም ለፋይቭ ዲ ወጥቶለት ነበር፤ እጅህ ከገባ ውሰደው። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አንዳንድ አሮጌ ሌንስ ፎከሱ ወደ ሩቁ፣ ወደተጋደመችው 8 ቁጥር ሲዞር የኋላ ጫፉ ካሜራው ውስጥ የሚነሳና የሚወርደውን መስታወት ይነካል። መጀመሪያ ቅርብ ላይ አንሳ፣ ቀስ በቀስ ወደ ሩቁ እያዞርክ ሞክር። መስታወቱ ከያዘ አታስገድደው።

ስለ ሰዎቹ አንድ ነገር ልበል። ትልቅ አዲስ ካሜራ ይዘህ አሞራ ገደል ብትገባ "ለየትኛው ቲቪ ነው?" ይሉሃል፣ ወይ ደግሞ ክፍያ ይጠይቁሃል፤ አልፈርድባቸውም፣ ስንቱ አንስቷቸው ሄዷል። ስልክ ካወጣህ ለቲክቶክ ነው ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ። የብረት ሌንስ በእጅህ እያዞርክ ስትቆም ግን ቀስ ብለህ ስለምትሠራ እነሱም ቀስ ብለው ያዩሃል። አንዱ መጥቶ "ይሄ ነገር ይሠራል እንዴ?" ማለቱ አይቀርም። ወሬው ከዚያ ይጀምራል። የድሮዎቹን የአዲስ አበባ ፎቶ ቤቶች ሥራ አይተህ ታውቃለህ? የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበረው አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን፣ ከዚያም ልጆቹ ያነሷቸውን ፎቶዎች ፈልገህ ተመልከት። ሰዎቹ ፎቶ መነሳትን እንደ ቁም ነገር ይዘው ነው የተቀመጡት። ካሜራው ዘገምተኛ ስለነበረ ተነሺውም ራሱን ለማቅረብ ጊዜ ነበረው። ያንን ክብደት አሞራ ገደል ላይ መልሰህ ልታመጣው ትችላለህ፤ ሰውየውን ከሥራው አስቁመህ ሳይሆን፣ እሱ ሲያርፍ ጠብቀህ።

የአይኤስኦው፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት፣ ነገርም ይጠቅምሃል፣ ምንም እንኳ እንደ ጉድለት ቢቆጠር። ፋይቭ ዲ በመደበኛው እስከ 1600 ነው፤ 3200 በማስፋት ይሰጥሃል፣ እሱ ላይ ጥላው ውስጥ መስመር መስመር ይጀምራል። ስለዚህ ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ሁለት ምርጫ አለህ። አንደኛው ወደ ቤት መሄድ ነው። ሁለተኛው ካሜራውን ድንጋይ ወይም አጥር ላይ አስደግፈህ 1/15 ሰከንድ ላይ ማንሳት ነው። ጀልባው ይቆማል፣ እጆቹ ይንቀሳቀሳሉ። እጆቹ በእንቅስቃሴ ብዥ ብለው የሚወጡበት ፎቶ ከጥርት ካለው የበለጠ ሥራውን ሊያሳይ ይችላል። እኛ ያለንበት ቦታ ከምድር ወገብ ብዙ ስለማይርቅ ፀሐይ ቶሎ ትወጣለች፣ ቶሎ ትጠልቃለች። ያቺ ለስላሳ ብርሃን አጭር ናት። ሰዓቷን አክብረህ ድረስባት፤ ከረፈደ በኋላ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን የዓይን ጉድጓድ ሁሉ ጥቁር ይሆናል።

አሁን ደግሞ የማትወደውን ልንገርህ። ለሠርግ ይሄን ካሜራ አትመን። ፋይቭ ዲ የሚቀበለው አንድ ካርድ ብቻ ነው። ካርዷ ከተበላሸች የሰው ሠርግ ጠፋ ማለት ነው፣ እና ሠርግ ድጋሚ አይደገስም። አዳራሽ ውስጥ መብራቱ ደካማ ነው፣ 1600 አይበቃህም። ቪዲዮም የለውም። ለሠርግ መከራየትህን ቀጥል። ሙሽሮቹን ሐይቅ ዳር ስትወስዳቸው ግን፣ የተከራየኸው ካሜራ የሚፈለገውን ከያዘ በኋላ ሔሊዮሱን አውጥተህ ጥቂት አንሳ። ደንበኛው አልበሙ ውስጥ የትኛውን እንደሚመርጥ ጠብቀህ እይ።

የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጨምበላላ ላይስ ትለኝ ይሆናል። ጉዱማሌ ያ ሁሉ ሕዝብ ሲሞላ አሮጌ ካሜራ ያዋጣል? በከፊል። ቄጣላው፣ ጭፈራው፣ ምት አለው። ሰዎቹ ሲዘሉና ሲያርፉ ተራ አላቸው፣ ቀድመህ መገመት ትችላለህ። ፋይቭ ዲ በሰከንድ ሦስት ፎቶ ብቻ ነው የሚያነሳው፤ ስለዚህ ጣትህን ተጭነህ መያዙ አያዋጣም፣ ምቱን ሰምተህ አንድ ታነሳለህ። ችግሩ አቧራው ነው። ይሄ ካሜራ ሴንሰሩን ራሱ የሚያራግፍበት ዘዴ የለውም። እዚያ ሜዳ ላይ ሌንስ አትቀይር። በአንድ ሌንስ ግባ፣ በዚያው ውጣ።

ዜኒቱን በፊልም ልጠቀምበት ካልክ አልከለክልህም፣ ግን በሱ አትጀምር። ፊልሙ ከውጭ ነው የሚመጣው፣ ዋጋው ያስለቅሳል። ከመግዛትህ በፊት የሚያጥብልህን ሰው አግኝ፤ ፊልም ገዝቶ አጣቢ መፈለግ ቀብሮ ቄስ ፍለጋ ነው። ጥቁርና ነጭ ከሆነ ቤትህ ልታጥበው ትችላለህ። አብዛኛው መመሪያ ለ20 ዲግሪ ውሃ ነው የተጻፈው፤ የሐዋሳ ውሃ ከዚያ ሞቅ ካለ የማጠቢያ ጊዜውን ማሳጠር ወይም ውሃውን ማቀዝቀዝ አለብህ። ዜኒት-ኢ ከሆነ ሻተሩ ከ1/30 እስከ 1/500 ነው ያለው። ከላዩ ያለው የብርሃን መለኪያ ባትሪ አይፈልግም፣ ግን በዕድሜ ብዛት ብዙዎቹ ይሞታሉ፣ አትመነው። ፀሐይ ሙሉ ስትሆን ኤፍ 16 አድርገህ ሻተሩን ከፊልሙ አይኤስኦ ጋር አቀራርበው። 100 ፊልም ከሆነ 1/125 ማለት ነው። ዋርካ ጥላ ሥር ከሆንክ ወደ ኤፍ 5.6 ወይም ኤፍ 4 ክፈት። ይሄንን ግን መጀመሪያ በፋይቭ ዲው በማኑዋል ተለማመደው፤ ስሕተቱ ነጻ ነው።

የፊልምን ቁጥብነት በነጻ የምታገኝበት አንድ መንገድ አለኝ። ፋይቭ ዲ የሚጠቀመው ኮምፓክት ፍላሽ የሚባለውን ትልቁን ካርድ ነው። ማንም የማይፈልገው 512 ሜጋባይት ካርድ ፈልግ። የዚህ ካሜራ አንድ ሮው ፋይል 13 ሜጋባይት ገደማ ስለሆነ፣ አንድ ጥቅል ፊልም የሚይዘውን 36 ያህል ፎቶ ብቻ ትይዛለች። እሷን ብቻ ይዘህ ውጣ። የካሜራው ስክሪን ራሱ 2.5 ኢንች ሆኖ በጣም ደካማ ነው፤ ፎከስ መግባቱን እንኳ በቅጡ አያሳይህም። ስለዚህ እያነሱ እያዩ መቆም የለም። ማታ ቤትህ ታየዋለህ።

አሁን ወደ ግዢው። ዋጋ አልጠራልህም፣ በየሳምንቱ ይቀያየራል። ግን ሳታይ ብር አትላክ፣ በቴሌግራም ፎቶ ብቻ አትመን። የመጀመሪያው ፋይቭ ዲ የታወቀ በሽታ አለው፤ ውስጥ ያለው መስታወት ማጣበቂያው ይለቅና ይወድቃል። ካኖን ራሱ ያመነው ችግር ነው፣ በነጻም ሲያስተካክል ነበር። የተስተካከለ ከሆነ መስታወቱ ዳርና ዳር ላይ ትናንሽ መያዣዎች ታያለህ። ከሌሉ ዋጋ አስቀንስ። ሻተሩ ለ100,000 ያህል ፎቶ ነው የተሠራው፤ ያ ማለት ግን በዚያ ቁጥር ይሞታል ማለት አይደለም፣ አልፎ የሄደ ብዙ ነው። ስንት እንዳነሳ ሻጩ ቢነግርህም እንደ ወሬ ስማው፤ እንደ ኒኮን ፎቶው ፋይል ውስጥ ተጽፎ አታገኘውም። የካርዱ ማስገቢያ ውስጥ በስልክህ ባትሪ አብርተህ እይ፤ ከመርፌዎቹ አንዱ ከተጣመመ ተወው። ሰማይን ኤፍ 16 ላይ አንሳ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ካየህ አቧራ ነው፣ ይጸዳል። ጭረት ከሆነ ግን አይጸዳም።

ሔሊዮሱንም እንዲሁ በስልክ መብራት ከኋላ አብራበትና በፊት በኩል እይ። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው። ቆዳ ቦርሳው ውስጥ ዘመናት ከተቀመጠ፣ በተለይ ክረምት ላይ የሐይቁ እርጥበት ባለበት ቤት፣ ሻጋታ የተለመደ ነው። ቀላል ከሆነ ፎቶ ላይ አይታወቅም፤ እንዲያውም ያንን ጭጋግ ይጨምርልሃል። ከባድ ከሆነ ሽፋኑን በልቶታል፣ ጽዳትም አይመልሰውም። ቦርሳዋን ለትዝታ አስቀምጣት፣ ሌንሱን ግን አውጥተህ እርጥበት ከሚመጥ ከረጢት ጋር ክዳን ባለው ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አድርገው። የአፐርቸሩ ቢላዎች ላይ ዘይት ብታይ አትጨነቅ። በእጅህ ስለሆነ የምትዘጋው ይሠራል።

ስለዚህ ዜኒቱን አትሽጠው፤ ብትሸጠው የምታገኘው ብር ትንሽ ነው፣ ሌንሱን መልሰህ ለመግዛት ግን ትለፋለህ። ፋይቭ ዲውን ልታይ ስትሄድ ኮምፓክት ፍላሽ ካርድ እና ካርድ ማንበቢያ ይዘህ ሂድ፤ ብዙ ሻጭ ካሜራውን እንጂ ካርዱን አያቆይም፣ ያለ ካርድ ደግሞ ምንም መሞከር አትችልም። ባትሪው ቢፒ-511ኤ ነው። ያረጀ ባትሪ ሞልቶ ይታይና ጥቂት ካነሳህበት በኋላ ይጠፋል፤ ስለዚህ እዚያው ቆመህ ካርዷ እስክትሞላ አንሳበት። ሻጩ ከቸኮለ ሌላ ቀን ተቀጣጠሩ።